ሕመሙን ስንፍና ያልነው ሕፃን

ሰው ከሚሳሳትባቸው ፍርዶች ኹሉ ይልቅ የሚያስፈራው፥ የተፈረደበት ሰው ስለ ራሱ ሊናገር የማይችልበት ፍርድ ነው። በአደባባይ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ይቆምለታል፤ ምስክር ይጠራለታል፤ ቢፈረድበትም ይግባኝ ይላል። ሕፃን ግን በአባቱና በእናቱ፥ ይልቁንም በመምህሩ ፊት «ሰነፍ ነህ» ተብሎ በተፈረደበት ጊዜ ይግባኝ የሚልበት ሸንጎ የለውም። ከዚህም የሚብሰው፥ ሕፃኑ ራሱ ፍርዱን እውነት ነው ብሎ መቀበሉ ነው። «መምህሬ ሰነፍ ብሎኛልና ሰነፍ ነኝ» ይላል፤ ጐልምሶ ልጆች ከወለደ በኋላ እንኳ ያንን ስም እንደ ክርስትና ስሙ ተሸክሞት ይኖራል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው። ትምህርት ስላቃተው ሕፃን የምንሰጠው ፍርድ መቼ ቅን ፍርድ ይኾናል? መቼስ ግፍ ይኾናል? ሥጋው የታመመውን ሕፃን ልቡናው እንደ ጐደለ፥ ወይም ፈቃዱ እንደ ሰነፈ አድርገን ብንቈጥረው፥ «አላወቅሁም ነበር» ማለት ከበደል ያነጻናልን?

ምሳሌውን ከሩቅ አላመጣም፤ ከራሴ በደል እጀምራለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት በጋሞ ምድር፥ ከጫሞ ሐይቅ ብዙ ባልራቀች አንዲት አጥቢያ እያገለገልሁ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ለሕፃናት ፊደልና ንባብ፥ ለበረቱትም ዳዊት አስተምር ነበር። ከሕፃናቱም አንዱ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያህል የኾነ፥ እናቱ ከጨንቻ ደጋ ወርዳ በገበያ ፖምና ድንች እየሸጠች የምታሳድገው ልጅ ነበረ። ይህ ልጅ ፊደል በመቍጠር ከእኩዮቹ ኹሉ ኋላ ቀረ። እኔ «ሰ» ስል እርሱ «ዘ» ይላል፤ ስጠራው አይመልስም፤ ጓደኞቹ ሲሥቁ ግን ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ ይሥቃል። በመጀመሪያ «አፉን የፈታው በጋሞኛ ነውና አማርኛውና ግእዙ ከብዶት ይኾናል» ብዬ ታገሥሁ። ነገር ግን እንደ እርሱ አፋቸውን በጋሞኛ የፈቱ ጓደኞቹ ንባብ ወጥተው ዳዊት ሲጀምሩ እርሱ ከፊደል አልወጣም። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። አንበረከክሁት፤ በአርጩሜ ገረፍሁት፤ በጓደኞቹም ፊት «ደንቆሮ» ብዬ ጠራሁት።

አንድ ቀን ዝናብ መጥቶ ሕፃናቱ ወደ ዕቃ ቤቱ በረንዳ ሲሸሹ፥ ይህ ልጅ ዘወትር ከሚቀመጥበት ከግራዬ ተለይቶ በቀኜ በኩል ተቀመጠ። በዚያች ዕለት ያስባልሁትን ኹሉ ሳይሳሳት መለሰ። ነገሩ ስለ ገረመኝ ወደ ራሴ አስጠግቼ ባየው ቀኝ ጆሮው በጥጥ ተደፍኗል፤ ጥጡም በምግል ርሷል። ዓመቱን ኹሉ ቃሌን ስሰድድለት የነበረው ወደዚያ ወደ ተደፈነው ጆሮ ነበር። እናቱን አስጠርቼ «እኅቴ፥ የልጅሽ ጆሮ ሲመግል ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም «የኔታ፥ ሽታው እንዳያስቸግርዎ ብዬ በጥጥ የደፈንሁት እኔ ነኝ። ሲቀጡትም፥ የኔታ ያውቃሉ፥ ጥፋት ቢኖርበት ነው ብዬ ዝም አልሁ» ብላ መለሰችልኝ።

አባቶቼና ወንድሞቼ ሆይ፥ ይህን መልስ ከሰማሁ ወዲህ «የኔታ ያውቃሉ» የሚለው ቃል ከኅሊናዬ አልወጣም። ያቺ እናት የልጅዋን ሕመም በዐይንዋ እያየች፥ የኔን ፍርድ ከዐይንዋ ይልቅ አመነች። ካህን ሲሳሳት ስሕተቱ በእርሱ ዘንድ ብቻ አይቀርም፤ የሚያምኑት ኹሉ ይሳሳቱበታል። የተሰጠን ክብር ታላቅ በኾነ መጠን ለመፍረድ የሚገባን ፍርሃትም ታላቅ መኾን ይገባዋል።

የሰደብሁበትንም ቃል እንመርምረው። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጓሜ አለው፤ ጆሮው የማይሰማውን ደንቆሮ እንላለን፤ ዕውቀት የሌለውንም ደንቆሮ እንላለን። እኔ ልጁን የሰደብሁት በሁለተኛው ትርጓሜ ነው፤ እውነቱ ግን በመጀመሪያው ነበረ። አባቶቻችን ቋንቋውን ሲናገሩ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ሰው የጆሮን ጕድለት ከልብ ጕድለት ለመለየት ምን ያህል እንደሚቸገር ያስረዳናል። በቋንቋ የተደባለቀውን በፍርድ መለየት ግን የመምህር ግዴታ ነው።

ስለ ሰው ተፈጥሮ ሊቃውንቶቻችን የሚያስተምሩትን ብናስታውስ ነገሩ ይገለጥልናል። ሰው ከሰባት ባሕርያት ተፈጠረ፤ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ መሬት፥ ውኃ፥ እሳትና ነፋስ ናቸው፤ ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስም ለባዊነት፥ ነባቢነትና ሕያዊነት ናቸው። ነፍስ ለባዊት እንደ መኾንዋ ታስተውላለች፤ ነገር ግን በዚህ ዓለም ሳለች የምታስተውለውን የምትቀበለው በአምስቱ ሕዋሳት ደጅ ነው። ደጁ የተዘጋበትን ቤት ከውጭ ቆሞ የሚጣራ እንግዳ መልስ ቢያጣ «የቤቱ ጌታ ተኝቷል» ወይም «ቤቱ ባዶ ነው» ይል ይኾናል። የቤቱ ጌታ ግን ነቅቶ ተቀምጧል፤ የጠፋው ደጁን የሚከፍት ነው። እንግዲህ ሕፃን ሳይማር ሲቀር አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው የቤቱ ጌታ ሳይኾን ደጁ ነው።

የተዘጉ ደጆችም ብዙ ናቸው። አንደኛው እንደ ተናገርሁት ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ሕፃናት መስማት ከሚሳናቸው ምክንያቶች ከመቶ 60 ያህሉ መከላከል የሚቻል ነው። ጆሮ ደግፍም አልፎ አልፎ የአንዱን ጆሮ መስማት ፈጽሞ ያጠፋል፤ እብጠቱ በጥቂት ቀን ስለሚጠፋ ወላጆች ልጁ የዳነ ይመስላቸዋል። በአንድ ጆሮው የሚሰማ ልጅ ደግሞ ፈጽሞ ከማይሰማው ይልቅ ለመታወቅ ያስቸግራል፤ በጸጥታ ስፍራ ሲጠሩት ይመልሳልና። ጫጫታ ባለበት ጉባኤ መካከል ቃል ሲያመልጠው ግን «ሲፈልግ ይሰማል፥ ሳይፈልግ አይሰማም» ተብሎ በዐመፀኝነት ይከሰሳል።

ሁለተኛው ዐይን ነው። የጋሞ ደጋ ሕዝብ፥ ይልቁንም ዶርዜ፥ በሽመና ጥበቡ የታወቀ መኾኑን ማንም ያውቃል። እስቲ የሩቁን አጥርቶ የማያይ፥ የቅርቡን ግን አጥርቶ የሚያይ ልጅ በዚህ አገር ተወለደ እንበል። በትምህርት ቤት የኋላ መቀመጫ ላይ ኾኖ በሰሌዳው የተጻፈው ነጭ ጭረት ብቻ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይወድቃል። በሽመና ጕድጓድ በተቀመጠ ጊዜ ግን ድሩና ማጉ ከፊቱ ቅርብ ስለ ኾነ እጁ ይፈጥናል፤ ጥለቱም ያምራል። ቤተ ሰቡም ይህን አይቶ «ይህ ልጅ ለእጅ ሥራ እንጂ ለትምህርት አልተፈጠረም» ብሎ ይፈርዳል። እውነት ይመስላል፤ ምስክሩም በዐይን የሚታይ ጥበብ ነው። ሽመና የተከበረ ሙያ ነው፤ ልጁ ወድዶት ቢይዘው ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን መንገዱን የመረጠለት ፈቃዱ ሳይኾን ያልተገዛለት መነጽር ከኾነ፥ ይህን «ተሰጥኦ ነው» ብለን ስንናገር ምን ያህል እንደ ተሳሳትን እናስተውል። ከዚሁ ጋር ዳፍንት የያዘው ልጅ አለ፤ ቀን ያነበበውን ማታ በብርሃን ጭላንጭል «አንብብ» ሲባል ይደናበራል። ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቫይታሚን ኤ የሚባለው ንጥረ ምግብ ማነስ ነው።

ሦስተኛው ከኹሉ ይልቅ የሚያታልለው ነው። የሚጥል በሽታ ሲባል በምድር ላይ ወድቆ የሚንፈራገጥና አረፋ የሚደፍቅ ሰው ብቻ በአሳባችን ይመጣል። ነገር ግን ሕፃኑን የማይጥለው ዓይነትም አለ። ብዙውን ጊዜ በአራትና በዐሥር ዓመት ዕድሜ መካከል ይጀምራል፤ ልጁ በንባብ መካከል ድንገት ያቆማል፤ ዐይኑ ፈዝዞ ይቀራል፤ ምናልባት ሽፋሽፍቱ ይርገበገባል። ዐሥር ሴኰንድ ያህል ቆይቶ ምንም እንዳልኾነ ያነብባል። ይህም በአንድ ቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በእነዚያ ሴኰንዶች መምህሩ የተናገረው ለዚያ ልጅ እንዳልተነገረ ነው፤ አልሰማውምና። መምህሩ ግን «ልቡ ይኰበልላል» ብሎ በጥፊ ያነቃዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ አጥንተው በ1990 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፥ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከ1,000 ሰው 5 ያህል ኾኖ ተገኝቷል። እንግዲህ በአንድ ሰፊ አጥቢያ ውስጥ ከእነዚህ አንድ ሁለቱ በጉባኤያችን ተቀምጠው እንደሚኖሩ መገመት አያስቸግርም። ይህም ሕመም በመድኃኒት የሚገታ ነው።

አራተኛው ከደም፥ ከእንቅልፍና ከምግብ የሚመጣ ነው። አርባ ምንጭ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፥ በቆላ ምድር የተመሠረተች ስለ ኾነች ወባ የሕዝቡ የቆየ ጠላት ናት። ወባ ወደ አንጎል ከወጣች፥ ልጁ ከሞት ቢተርፍም እንኳ የማሰብ ችሎታው ተጐድቶ ሊቀር ይችላል፤ በዑጋንዳ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ ከእንዲህ ያለ ወባ ከተረፉት መካከል ከሁለት ዓመት በኋላ ከአራቱ አንዱ ያህል ይህ ጕዳት እንደ ቀረበት አሳይቷል። በሐይቁና በወንዙ ዳር የሚዋኝ ልጅ ደግሞ ቢልሃርዝያ ይይዘዋል፤ ባዶ እግሩን የሚሄደውም በወስፋት ዓይነቶች ደሙ ይመጠጣል፤ ደም ሲያንሰውም ይደክመዋል፤ በጉባኤ መካከል ያንቀላፋል። እንቅልፋም ብለን የምንነቅፈው ምናልባት ደሙ የጐደለበትን ነው። እንዲሁም ቶንሲሉ አብጦ ሌሊቱን ሲያንኰራፋና ትንፋሽ ሲያጥረው የሚያድር ልጅ፥ ቀን ቀን እንደ መፍዘዝ ፈንታ ይቅበጠበጣል፤ ይህን ልጅ «ዕረፍት የለሽ፥ ባለጌ» እንለዋለን፤ እርሱ ግን ያጣው በእውነት ዕረፍትን ነው።

አምስተኛው እንቅርት ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን የምንተርተው እንቅርት፥ በአንገት ላይ የሚታይ እብጠት ብቻ አይደለም። አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር በምግብ ውስጥ ሲጐድል የሚመጣ ነው፤ እናትየዋ ባረገዘች ጊዜ ከጐደለም በማኅፀንዋ ያለውን ሕፃን አንጎል ይጐዳል። ሰው በዕድሜው ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም፤ ይህች ኢምንት ስትጐድል ግን የአንድ አገር ልጆች አእምሮ ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፥ ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ከመቶ 40 ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። ከዚህ በኋላ በ2003 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ኹሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ አዘዘ። አስተውሉ፤ የአንድ ሰፈር ልጆች በሙሉ «ደካሞች» ተብለው ሲናቁ የጐደላቸው በጨው ውስጥ የሚገኝ ኢምንት ነገር ሊኾን ይችላል።

ይህን ኹሉ የዘረዘርሁት ካህናትን ሐኪሞች ላደርግ አይደለም፤ ሕመም የስንፍናን ልብስ ለብሶ እንደሚመጣ ላሳይ ነው እንጂ። ከልብሱ ውስጥ ያለውን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ ከመፈለግ በፊት ማስተዋል ያስፈልጋል። ለዚህም አገራችን መልካም ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ፤ ከሚታጠብበት በታችም ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ያንን ወንዝ ያላየ የአገር ሰው አልነበረም፤ እንዶድንም የማያውቅ እናት አልነበረችም። እርሳቸው ግን ኹሉ የሚያየውን አይተው «ይህ ለምን ኾነ?» ብለው ጠየቁ። መምህርም ዘወትር የሚያየውን ተማሪ አይቶ «ይህ ለምን ኾነ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ከፍርድ አስቀድሞ የሚገባው ምርመራ ይህ ነው።

በመጻሕፍትም ብንመለከት እንዲህ ያለ ስሕተት የተሠራው በካህን ነው። ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈርዋ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ ከንፈርዋን አይቶ የሰከረች መሰለውና ገሠጻት። ዔሊ ያየው ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ከንፈርዋ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የተሳሳተው ካየው ወደ ፈረደው በተሻገረበት መንገድ ነው፤ በዐይኑ ምልክትን አየ፤ ሳይጠይቅ ግን ምክንያቱን ወሰነ። እኛም የፈዘዘ ዐይን ማየታችን እውነት ነው፤ «ሰነፍ» የሚለውን ግን ከራሳችን የጨመርነው ነው። ነገር ግን የዔሊ ደግነት አይረሳ። ሐና በመለሰችለት ጊዜ አልተከራከራትም፤ ተግሣጹን ወደ ቡራኬ ለወጠው። ከዚያም ቡራኬ በኋላ ነቢዩ ሳሙኤል ተወለደ። እንግዲህ ከዔሊ የምንማረው ሁለት ነው፤ ሳይጠይቁ መፍረድ እንዴት እንደሚያሳስት፥ ስሕተትንም ሲያውቁ መመለስ እንዴት እንደሚያስከብር።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደግሞ ደቀ መዛሙርት ዕውር ኾኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ኀጢአቱ የእርሱ ይኹን የወላጆቹ ጠየቁ። ጥያቄያቸው ከሁለቱ አንዱ የግድ በደለኛ እንደሚኾን የሚያስብ ጥያቄ ነበር። ጌታችን ግን ሁለቱንም አላደረገውም፤ ጥያቄውን ራሱን ሻረው እንጂ። ዛሬም ልጅ ትምህርት ሲያቅተው «የልጁ ስንፍና ነውን? ወይስ የእናቱ ማሞላቀቅ?» እያልን የምንጠይቅ ኹሉ ያንኑ የደቀ መዛሙርትን ጥያቄ እንጠይቃለን።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። «አላወቅሁም ነበር» ማለት ያነጻናልን? በኦሪት ዘሌዋውያን ባለማወቅ ለተሠራ ኀጢአት እንኳ መሥዋዕት ታዝዟል፤ ይኸውም በደለኛው ነገሩ በታወቀው ጊዜ የሚያቀርበው ነው። ከዚህ ሥርዐት ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ አለማወቅ በደሉን ያቀልለዋል እንጂ እንዳልተሠራ አያደርገውም፤ የተገረፈው ልጅ የገረፈው ሰው ባለማወቁ ምክንያት ሕመሙ አልቀነሰለትምና። ሁለተኛ፥ ዕዳው ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ ይከፈላል። ደግሞም አለማወቅ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሊያውቁት ከማይቻል የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ባለመጠየቅ የመጣ ነው። አባቶቻችን ስለ ጀርም፥ ስለ አዮዲን ሳያውቁ ቢኖሩ ማንም አይወቅሳቸውም። ዛሬ ጤና ጣቢያ በአጠገቡ ሳለ፥ የልጁን ጆሮ ጐንበስ ብሎ ሳያይ አርጩሜ የሚያነሣ ሰው ግን «አላወቅሁም» ቢል፥ «ለምን አልጠየቅህም?» የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። እኔ የተጠየቅሁት ይህን ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «እንዲህ ከኾነ ስንፍና የሚባል ነገር ጠፋ፤ ተግሣጽም ቀረ፤ ሰነፍ ኹሉ በሕመም ሊያመካኝ ነው» የሚል ይኖራል። ቅዱስ ያሬድንም ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳል፤ ትምህርት አልገባህ ብሎት ከመምህሩ ቅጣት ሸሽቶ ሳለ፥ ከዛፍ ለመውጣት እየወደቀ እየተነሣ በመጨረሻ የወጣውን ትል አይቶ ጽናትን ተማረ፤ ከዚያም የዜማ አባት ኾነ። ይህ እውነት ነው፤ ጽናትን የማይማር ተማሪ ከትምህርት ደጅ አይደርስም። ነገር ግን ያ ትል ግንዱን ይነካው ነበር፤ ቢወድቅም የሚወጣበት ዛፍ ከፊቱ አልጠፋም። የማይሰማውን ልጅ «እንደ ያሬድ ጽና» ማለት ግንዱን ከትሉ ፊት ካነሡ በኋላ «ውጣ» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ተግሣጽ አይቅር፤ ሥርዐቱ ግን ይጠበቅ። አስቀድሞ ሥጋው ይመርመር፤ ቀጥሎ ረኃቡና የቤቱ ኹኔታ ይጠየቅ፤ ፈቃዱ የሚወቀሰው ከዚህ ኹሉ በኋላ ነው። ሰነፉም ልጅ ቢኾን በዚህ ምርመራ አይጐዳም፤ የታመመው ግን ያለ ምርመራ ይጠፋል።

ሌላም የሚበልጥ ጥያቄ አለ። ልጁን መርምረን ጆሮው ጤነኛ፥ ዐይኑ ጤነኛ፥ ደሙም ሙሉ ኾኖ ብናገኘው፥ ትምህርቱ ግን አሁንም ባይገባውስ? እንዲህ ያሉ ልጆች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሌላው ነገር ብልሆች ሳሉ ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ብቻ በተፈጥሮ የሚከብዳቸው ናቸው፤ እነዚህ በዝግታና በተለየ ዘዴ ቢያስተምሯቸው ይማራሉ። ሌሎቹም ማስተዋላቸው በእውነት ከእኩዮቻቸው ያነሰ ነው። የተሰወረ ሕመሙ ተገኝቶለት ብልህ ኾኖ ስለ ወጣ ልጅ መስማት ደስ ያሰኘናል፤ እኔም ይህን በመጻፌ እንዲህ ያለ ደስታ ብቻ እንዳላተርፍ እፈራለሁ። ልጁን የምናከብረው «ለካስ ብልህ ኖሯል» ስለ ተባለ ብቻ ከኾነ፥ ያከበርነው ብልህነትን ነው እንጂ ልጁን አይደለም። የእግዚአብሔር አርአያ በሰው ያለው በፈተና ውጤት መጠን አይደለም። በጥምቀት ማየ ገቦውን ስናፈስስ፥ በቍርባንም ሥጋውን ደሙን ስናቀብል «ይህ ሕፃን ፊደል ለይቷልን?» ብለን አንጠይቅም። በመቅደስ ያልጠየቅነውን በትምህርት ቤት የክብር መለኪያ ልናደርገው አይገባም።

ስለ መድኃኒትም ጥቂት እናገራለሁ። አንዳንድ ሰዎች ልጃቸው ትምህርት እንቢ ሲለው «ልቡናውን የሚከፍት» ብለው አብሾና የመሳሰለውን መጠጥ ያጠጡታል፤ ይህ ከመክፈት ይልቅ አእምሮን የሚያናውጥ ነገር ስለ ኾነ አባቶች አጥብቀው ሊከለክሉት ይገባል። ሌሎችም ወደ ጠበል ይወስዱታል፤ መልካም አደረጉ። ነገር ግን ወደ ጠበል መሄድ ወደ ሐኪም አለመሄድ ማለት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትም ከምድር በእግዚአብሔር የተፈጠረ መኾኑን ያስተምረናል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በዘመናቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን መድኃኒቱን ከጠበሉ ጋር ቢወስዱ ተቃርኖ እንደሌለበት አስተምረዋል። ምግል ያለበትን ጆሮ የሚያጠምቅ ካህንም ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቢጠነቀቅ እምነቱን አላጐደለም።

እንግዲህ የንስሐ አባቶች ሆይ፥ እኛ በኹሉ ቤት እንገባለን፤ ሐኪም የማይደርስበት ቤት ካህን ይደርሳል። ቤተ ሰቡን ስንባርክ ስለ ልጆቹ ጥቂት ነገር እንጠይቅ። ሲጠሩት በአንድ ወገን ብቻ ይዞራልን? ጆሮው ይፈስሳልን? መጽሐፉን ወደ ዐይኑ አስጠግቶ፥ ወይም ዐይኑን አጥብቦ ያያልን? ሲመሽ ይደናበራልን? በጨዋታ መካከልም እንኳ ድንገት ፈዝዞ ይመለሳልን? አፉን ከፍቶ እያንኰራፋ ያድራልን? ፊቱ ገርጥቶ፥ አፈር እየበላ ይደክመዋልን? አንገቱ አብጧልን? ከእነዚህ አንዱ ቢገኝ «ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ማለት ቃሉ አጭር ነው፤ ከካህን አፍ ሲወጣ ግን እናትን ከሐፍረት ያሳርፋታል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር ደረጃ በትምህርት ቤቶች የወስፋትና የቢልሃርዝያ መድኃኒት እንዲሰጥ ሲደረግ፥ ልጆች መድኃኒቱን ሳይፈሩ እንዲቀበሉ በዐውደ ምሕረት መናገርም የእኛ ሥራ ነው። በቤት ያለው ጨው አዮዲን ያለበት እንዲኾን፥ ይልቁንም ነፍሰ ጡሮች ይህን እንዲያውቁ ማስተማር ከስብከት አይወጣም። መምህራንም ጀማሪውን ተማሪ አንድ ቀን በግራ፥ አንድ ቀን በቀኝ፥ አንድ ቀን በቅርብ፥ አንድ ቀን በሩቅ አስቀምጠው ቢፈትኑት፥ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ብዙ ግፍን ያስቀራል።

ስለዚያ ልጅ ፍጻሜ መናገር ይገባኛል። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ እያደረቁ ጠብታ እንዲጨምሩበት፥ በሐይቅም እንዳይዋኝ አዘዙት። ምግሉ ደረቀ፤ የቀኝ ጆሮው መስማት ግን ከፊሉ ጠፍቶ ቀረ። በጓደኞቹ ፊት ሰድቤው ነበርና በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከትምህርት ቀረ፤ እናቱን «እኔ ለትምህርት አልተፈጠርሁም» ብሏት ነበር። ያ ቃል የእርሱ አልነበረም፤ ከእኔ የተማረው ነው፤ ከእኔ ከተማረው ኹሉ በደንብ የያዘው እርሱን ብቻ ነበር። ዛሬ የሙዝ እርሻ ያለው፥ የልጆች አባት የኾነ ደግ ሰው ነው። በበዓል ቀን መስቀል ሊሳለም ሲመጣ በግራው በኩል ቆሜ እባርከዋለሁ። ባለፈው ዓመት የበኵር ልጁን ፊደል እንዳስቈጥርለት ይዞት መጣ። «የኔታ፥ ጆሮውን አሳይቼዋለሁ፤ ዐይኑንም አሳይቼዋለሁ፤ ደኅና ነው ብለውኛል» አለኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብሎ «ደኅና ባይኾንም ግን ያስተምሩታል አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎን ልጄ» አልሁት።

አምላካችን እግዚአብሔር ከፍርድ አስቀድሞ የሚመረምር ልቡና፥ ስሕተቱንም ሲያውቅ የሚመለስ ትሕትና ይስጠን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።